የአሜሪካን የቆጠራ ስሌት በፍርድ ቤት ከመሞገት በፊት

«በቆጠራው ስሌት ስቴታችን ወንበር አጣ» የሚለው ቅሬታዎ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ቁጥሩ ለምን እንደሚውል ሳይለዩ ስለ ስሌቱ መከራከር ጊዜንም ገንዘብንም ማባከን ነው። የአሜሪካ የቆጠራ ሕግ ክፍል 195 ናሙናን (ጥቂቱን ቆጥሮ ሁሉን መገመትን) የሚከለክለው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ 435ቱን የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ለስቴቶች ለማከፋፈል። ለሌላው ሥራ፣ የሚቻል ሆኖ ከተገኘ፣ ናሙና እንዲሠራበት ያዛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በ5 ለ4 ድምፅ ናሙናን የከለከለው ይህን ሕግ ተርጉሞ ነው። በአቤቱታዎ ላይ «ሕገ መንግሥቱ ከልክሏል» ብለው እንዳይጽፉ፤ ፍርድ ቤቱ ያንን ጥያቄ አልወሰነውም።

ቀጥሎ ከዘዴው ስም ይልቅ አሠራሩን ይዩ። ደጋግሞ ተንኳኩቶ ያልተከፈተ በር አለ እንበል። ኮምፒውተሩ ተመሳሳይ ዓይነት የሆነና መልስ የሰጠ የቅርብ ጎረቤት ይፈልጋል፤ እዚያ አራት ሰው ከተመዘገበ እዚህም አራት ይጻፋል። ሆት ዴክ የሚባለው ይህ ነው። በ2000ው ቆጠራ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ ማለትም 0.4 በመቶ ጨመረ፤ አንድ ወንበርም ከዩታ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ወሰደ። ዩታ «ይህማ ናሙና ነው» ብላ ከሰሰች፤ በ2002 ተረታች። ናሙና ሁሉን ለማወቅ ሲባል ሆን ብሎ ጥቂቱን መርጦ መቁጠር ነው፤ እዚህ ግን ሁሉም ሊቆጠር ታስቦ፣ የቀረው ክፍተት ተሞላ። ልዩነቱ ቀጭን ይመስላል፤ ክሱ የወደቀው ግን በእሱ ነው።

ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። አከራካሪው ዘዴ የጨመረውን የሰው ቁጥር ከ50ዎቹም ስቴቶች ይቀንሱ፤ ከተቀናቃኙ ስቴት ብቻ ከቀነሱ ውጤቱ ይዛባል። ለእያንዳንዱ አንድ ወንበር ይስጡ። ከዚያ ከ51ኛው እስከ 435ኛው ወንበር፣ በየተራው ስቴቱ የያዘውን የወንበር ብዛት አንድ ከጨመሩበት ቁጥር ጋር ያባዙና ሕዝቡን ለብዜቱ ስኩዌር ሩት ያካፍሉ። ትልቁ ውጤት ወንበሩን ይወስዳል። በ2020 ቆጠራ የመጣው ዲፈረንሻል ፕራይቬሲ (የሰዎችን ምስጢር ለመጠበቅ በቁጥሮቹ ላይ ሆን ተብሎ ትንሽ ለውጥ የሚደረግበት ዘዴ) የስቴቶቹን ጠቅላላ ድምር ስለማይነካ፣ በዚህ ሒሳብ አንድም ወንበር አያንቀሳቅስም። አላባማ በ2021 ዘዴውን ከስሳ አልተሳካላትም።

ለክሱ የ1997ቱን ሕግ ክፍል 209 ይያዙ። የስቴቱ ውክልና ሊለወጥ የሚችልበት ነዋሪም ሆነ የኮንግረስ አባል መክሰስ ይችላል፤ ጉዳዩን ሦስት ዳኞች ያዩታል፤ ይግባኙ በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የይግባኝ ማስታወቂያው ትእዛዙ በተሰጠ በ10 ቀን፣ የሥልጣን መግለጫው (ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው የሚያስረዳው ጽሑፍ) በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ጠበቃዎ የለመደውን ረጅሙን የይግባኝ ጊዜ ይዞ እንዳይቀመጥ፣ ትእዛዙ በወጣበት ዕለት ቀኖቹን ይቁጠሩለት።