«ቅዳሜ ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?» ለምትሉ አዲስ ገቢዎች

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጥያቄ ነው። «ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?» ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ሦስቱም ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። አንዷ እንዲያውም የደወለችልኝ ከሄደች በኋላ ነው። ምሳ ቋጥራ፣ ልጆቿን ጭና፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታ ሳንዲ ፖይንት የሚባለው የሜሪላንድ መዋኛ ፓርክ ድረስ ነዳች። በሩ ላይ «ሞልቷል» ተብላ ተመለሰች። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን እቤት ለብሰው ነበር የወጡት። ስታወራኝ ከኋላ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምናገር አንዴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የምጽፈው ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰው ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የአካባቢያችሁን ደንብ አጣሩ።

አንደኛ ነገር፣ የአገር ቤቱን ክረምት እርሱት። እኛ ያደግነው ትምህርት ሲዘጋ ዝናብና ጭቃ እያየን ነው። እዚህ ትምህርት የሚዘጋው ፀሐዩ በሚከርበት ሰዓት ነው። ከሜሞሪያል ዴይ (ሜይ መጨረሻ) እስከ ሌበር ዴይ (ሴፕቴምበር መጀመሪያ) ብትቆጥሩት አሥራ አምስት ቅዳሜ ቢሆን ነው። ከዚያ ብርዱ ይመጣና ልጅ አፓርታማ ውስጥ ይታሸጋል። እያንዳንዱን ቅዳሜ በኦቨርታይም የምታሳልፉ ወላጆች፣ ኪራዩን አውቀዋለሁ፤ አገር ቤት የሚላከውንም አውቀዋለሁ። ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ግን ለልጆቹ ተዉላቸው። ታብሌት ይዞ የከረመ ልጅ መስከረም ላይ ሲታይ ያስታውቃል።

ሁለተኛ፣ ፓርኩ የማን እንደሆነ እወቁ። ይሄ እኔንም ዓመታት አሰልችቶኛል። ሮክ ክሪክ የሚባለው ፓርክ ዲሲ ውስጥ እያለ የፌዴራል መንግሥት ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ያው ወንዝ፣ ያው ዛፍ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ይሆናል። ሳንዲ ፖይንት ደግሞ የስቴቱ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ድረ ገጽ፣ የራሱ አካውንት፣ የራሱ ክፍያና የራሱ ደንብ አለው። ለአንድ ሽርሽር ሦስት የይለፍ ቃል መያዝ ያናድዳል። ብንናደድም የሚቀየር ነገር የለም። የዲሲው ሮክ ክሪክ የፒክኒክ ቦታ የሚያዘው ሬክሪዬሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው። የሞንትጎመሪው አክቲቭ ሞንትጎመሪ ላይ ነው። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ሰው የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርኮች ገጽ ላይ ይገባል። እዚያው ፌርፋክስ ያለው በርክ ሌክ ፓርክ የካውንቲው ነዋሪ ያልሆነን ሰው ቅዳሜና እሁድ መግቢያ ያስከፍላል። ሳንዲ ፖይንትን የመሰሉ የስቴት ፓርኮች ሲሞሉ በር ይዘጋሉ፤ በሞቃት ቅዳሜ ደግሞ ገና በጠዋቱ ይሞላሉ። ሪዘርቬሽን ያስፈልግ እንደሆነ ማታውኑ ገጻቸው ላይ አይታችሁ ተኙ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህቺን አትዝለሉ።

በመጣን በሁለተኛው ዓመት ለትንሿ ልጄ ክርስትና ፓርክ ውስጥ ድግስ ደገስን። የፓርኩን ስም አልጠራም። ስድሳ ሰው ጠርተናል። ሼልተር የሚሉት ጣሪያ ያለው፣ ጠረጴዛና የብረት ግሪል የተተከለበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት ሰው እንደፈለገ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ቀድሞ የደረሰ የሚይዘው መስሎኛል። ባለቤቴ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሄዶ ቦታ ያዘ። ጠረጴዛዎቹን በነጭ ላስቲክ ሸፈነ። ፊኛ አሰረ። እኔ በሦስት ሰዓት ዶሮ ወጡን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ክትፎውን ኩለር ውስጥ አድርጌ ደረስኩ። ከሰሉ ተያያዘ። የቡናው ረከቦት ሳይቀር ቦታውን ያዘ።

አምስት ሰዓት ሲል ሁለት መኪና ሙሉ ቤተሰብ መጣ። ኬክ ይዘዋል፤ የልደት ኮፍያ ያደረጉ ልጆች አሉ። ከፊት ያለችው ሴትዮ እጇ ላይ ወረቀት አለ። ምንም አልጮኸችም። ወደ ምሰሶው ሄዳ እኛ ያሰርነውን ፊኛ በእጇ ገለል አደረገችው። ከፊኛው ስር በላስቲክ የታሸገች ወረቀት ተለጥፋለች። ስሟ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ተጽፏል። ከአምስት ሰዓት እስከ ማታ የእሷ ነው። ባለቤቴ ያንን ፊኛ ሲያስር ወረቀቷን አይቷታል፤ ግን አላነበባትም።

ስድሳ ሰው መንገድ ላይ ነው። ድስቱን፣ መሶቡን፣ ረከቦቱን ተሸክመን ጥላ የሌለው ሣር ላይ ወጣን። ያቀጣጠልነው ከሰል የማይነቀል ግሪል ውስጥ ስለሆነ እዚያው ቀረ። እንግዳው እየደወለ «የት ናችሁ?» ይላል፤ ግማሹ ሌላ ሰው ድግስ ላይ ሄዶ ይቆማል። አማቴ ፀሐዩ ከብዷቸው ራሳቸውን አዞራቸውና መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍተን አስተኛናቸው። ሥጋው ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ስለቆየ ክትፎውን በሙሉ ጣልኩት። በመጨረሻ የፓርክ ፖሊስ መጥቶ ቢራውን በሙሉ አስደፋን። ቅጣት አልጻፈብንም፤ ሊጽፍብን ግን ይችል ነበር። ለዚያ ድግስ የተበደርነውን ብር እስከ ገና ነው የከፈልነው። ልጄ ዛሬ አሥር ዓመቷ ነው፤ የዚያን ቀን ፎቶ ማየት አሁንም ያመኛል።

ስለዚህ ስሙኝ። ከአሥር ሰው በላይ የምትጠሩ ከሆነ ፐርሚት፣ ማለትም ቦታውን በስማችሁ የሚያስይዝ ፈቃድ፣ አውጡ። ሪዘርቬሽን የማያስፈልጋቸው ሼልተሮችም አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ገጹ ላይ ተጽፏል። ለድግስ ግን በዕድል አትተማመኑ። ታዋቂዎቹ ፓርኮች የሰመር ቅዳሜዎቻቸው ከወራት በፊት ያልቃሉ። ፐርሚቱን አትሙና ያዙ፤ ስልክ ይሞታል። ስሙ ላይ ያለው ሰው ከሁሉ ቀድሞ እዚያ ይገኝ። ቀኑን ስታስገቡ እዚህ ወሩ እንደሚቀድም አትርሱ፤ 7/8 ማለት ጁላይ 8 እንጂ ኦገስት 7 አይደለም። የተፈቀደውን የሰው ብዛት እዩ። ድምፅ ማጉያና ልጆች የሚዘሉበት በአየር የሚነፋ ቤት ለብቻው የሚጠየቅበት ወይም ጭራሽ የሚከለከልበት ቦታ ብዙ ነው። መጠጥም እንደዚያው ነው። ሳንዲ ፖይንት ጨርሶ አይፈቀድም። ቢራን በፕላስቲክ ኩባያ መደበቅ ማንንም አያታልልም፤ ይልቅ የሌላውንም ሐበሻ ስም ያበላሻል።

እንግዶቻችሁን ስትጠሩ ሰዓቱን ግልጽ አድርጉ። «በአምስት ሰዓት» ስትሉ አንዱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይለዋል፤ አንዱ በዚያው አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አምስት ይለዋል። ፐርሚት የሐበሻን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሰዓቱ ሲያበቃ ጠረጴዛው ተጠርጎ መልቀቅ አለባችሁ። የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች ውስጥ የቆሻሻ ገንዳ የለም፤ ያመጣችሁትን ቆሻሻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አጥንትና የእንጀራ ፍርፋሪ ሣር ላይ በትነው የሚሄዱ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ትላልቅ የቆሻሻ ከረጢቶች መኪና ውስጥ ይኑራችሁ።

ድግስ ካልሆነና ልጅ ማዝናናት ብቻ ከሆነ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ ናቸው። ዲሲ ያለው የስሚዝሶኒያን እንስሳት ማሳያም በነጻ ነው፤ ግን የመግቢያ ፓስ ቀድማችሁ ኦንላይን ያዙ። መኪና ማቆሚያው 30 ዶላር ስለሆነ በሜትሮ ሂዱ። የሜትሮ ጣቢያዎች ፓርኪንግ ቅዳሜና እሁድ አይከፈልበትም፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅም አይከፍልም። ቨርጂኒያ፣ ሻንቲሊ ያለው የአውሮፕላን ሙዚየም ውስጥ ዲስከቨሪ የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር አለች፤ መግቢያው በነጻ ነው፤ ፓርኪንጉ 15 ዶላር። ሜሪላንድ ያለው ዊተን ሪጅናል ፓርክ ትንሽ ባቡርና የሚሽከረከር ፈረስ አለ። ጎኑ ያለው ብሩክሳይድ ጋርደን የአበባ ቦታ ነው፤ አረጋውያን ወላጆች ላላችሁ ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ብስክሌት ለምትለማመድ ልጅ ደግሞ ሜሪላንድ ያለው ስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ከፊሉ ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ይዘጋል። ዲሲ ሮክ ክሪክ ውስጥ ያለው የላይኛው ቢች ድራይቭ የሚባለው መንገድ ከ2022 ጀምሮ ለመኪና በቋሚነት ተዘግቷል። ትልቋ ልጄ ስላይጎ ላይ ነው ሚዛን የያዘችው፤ እኔ ኮርቻውን ይዤ እየሮጥኩ፣ ለካ ለቅቄያታለሁ፣ እሷ ሳታውቅ ትነዳለች። አራተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ የሚባለውን ፓስ አውጡለት። በዚያ ፓስ ቤተሰቡ በሙሉ ከሴፕቴምበር እስከ ኦገስት ብሔራዊ ፓርኮች በነጻ ይገባል። የፖቶማክ ፏፏቴ ያለበት ግሬት ፎልስ ፓርክ ለአንድ መኪና 20 ዶላር ነው፤ በዚህ ፓስ ግን አትከፍሉም።

ግሬት ፎልስን ካነሳሁ አይቀር፦ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ እግራችሁን እንኳ አትንከሩ። ከላይ ሲያዩት የተኛ ይመስላል፤ ከስር ያለው ኃይል ግን ዋናተኛም ይወስዳል። መዋኘት የተከለከለው ለዚህ ነው። አብዛኞቻችን ዋና ሳንችል ነው ያደግነው። የካውንቲና የዲሲ የውጭ ገንዳዎች አሉ፤ የዲሲው ነዋሪ መሆኑን ላሳየ በነጻ ነው። ልጆቻችሁን የዋና ትምህርት አስመዝግቡ። ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፤ ቦታው ቶሎ ያልቃል። ሰመር ካምፕም እንደዚያው፣ ምዝገባው ገና በብርዱ ወራት ይጀምራል። ጁን ላይ ካምፕ ፈልጉልኝ የሚሉኝን ሰዎች ምን እንደምላቸው አላውቅም።

መዥገር እዚህም አለ። የዚህ አገሩ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያስይዛል። ከጫካና ከረዥም ሣር ስትመለሱ ልጆቹን አስወልቃችሁ እዩ፤ ጸጉር ውስጥ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ ከጉልበት በስተኋላ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በክብሪት መተኮስ፣ ጋዝ መቀባት የለም። ከዚያ በኋላ ቆዳው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ወይም ትኩሳት ካያችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ ሼልተሩ ስር አትጠለሉ፤ መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ልጅ መኪና ውስጥ ትቶ «አንድ ነገር ገዝቼ ልምጣ» የለም። ሜሪላንድ ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅን ከዓይን ውጭ እንዲህ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል፤ የሚጠብቀው ሰው ቢያንስ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ከሕጉ በላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል።

የራሳችን ዝግጅቶች ላይ አንድ ሁለት ነገር። ጁላይ ፎር ሰሞን ያለው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ከተማ ይቀይራል። ዘንድሮ የት እንደሆነ ስታውቁ ሆቴሉን ወዲያው ያዙ። ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ የልጆቻችሁ ክንድ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ጻፉ። በስልክ መልእክት ብቻ የሚሸጥ የማታ ፓርቲ ቲኬት ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ለማታውቁት ሰው በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያው) የላካችሁት ገንዘብ አይመለስም።

ኦገስት ላይ ስትጠሩ ፍልሰታን አትርሱ። ከኦገስት 7 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ግማሹ እንግዳ ይጾማል። ሥጋ ብቻ ጠብሳችሁ ሰው ሰላጣ ይዞ እንዲቀመጥ አታድርጉ፤ ሽሮና ተልባ ይኑር። ቡሄ ኦገስት 19 ነው፤ በሥራ ቀን ከዋለ ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜ ያዙት። ወላጆች ብታውቁልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩት ቤት ውስጥ በቁጣ አይደለም። ዱላ ይዘው፣ ከሌሎች ልጆች ጋር፣ ሣር ላይ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ነው። አምና አንድ ሰፈር አሥራ አምስት ልጆች ሰብስበን ከሙልሙል ጋር አደረግነው። ግጥሙን የማያውቀው የጎረቤቴ ልጅ «ሆ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ከሁሉ በላይ ጮኸ። ማታ እናቱ ደውላ የቀረውን ግጥም ላኪልኝ እያለኝ ነው አለችኝ።

እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው። ለዚያ ቅዳሜ ሼልተር የምትፈልጉ ዛሬ ማታ ገብታችሁ እዩ፤ እኔ የእኛን ፐርሚት አትሜ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።