«ጥፋተኛ» ከተባለ በኋላም የሚሠራ ሥራ አለ

ችሎት ላይ «ጥፋተኛ ነህ» ሲባል ቤተሰብ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። አላለቀም! በእኛ አገር ሥርዓት ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ከመወሰኑ በፊት ዐቃቤ ሕጉም ተከሳሹም የቅጣት አስተያየት ያቀርባሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ከሚዘረዝራቸው የቅጣት ማቅለያዎች መካከል የቀድሞ መልካም ጠባይ፣ ጥፋትን ማመንና ተበዳይን መካስ ይገኙበታል። ታዲያ እንባ ብቻውን አያሳምንም፤ ወረቀት ያዙ። ለተበዳይ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ደረሰኙን፣ እርቅ ከወረደ ሽማግሌዎች የፈረሙበትን ሰነድ፣ ከመሥሪያ ቤት የመልካም ጠባይ ማስረጃ። ማሰባሰቡን ክርክሩ ገና ሳያልቅ ጀምሩ፤ ለቅጣት አስተያየት የሚሰጠው ቀጠሮ አጭር ሊሆን ይችላል። በማረፊያ ቤት ያለፈው ጊዜ ከቅጣቱ መቀነሱንም በውሳኔው ግልባጭ ላይ አረጋግጡ።