ለካንሰር ሴል ባለአራት እጅ ሞለኪውል እንዴት ይሠራል?

የጭጎጎት ፍሬ ታውቃላችሁ። አንዷ መንጠቆ ብቻዋን ክር እንኳ አትይዝም። ሁሉም አንድ ላይ ሲነክሱ ግን ፍሬዋን ከጋቢ ላይ መንቀል ፍዳ ነው። ካንሰርን ለይቶ የሚይዝ ባለብዙ እጅ ሞለኪውል የሚሠሩ ተመራማሪዎችም መላቸው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚያዘው ነገር ይመረጣል። አልፋ ቪ ቤታ 3 የሚባለውን ኢንተግሪን እንውሰድ። ዕጢን በሚመግቡ አዳዲስ የደም ሥሮችና በአንዳንድ የካንሰር ሴሎች ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ችግሩ፣ ጤነኛ ሴል ላይም ጨርሶ አይጠፋም።

ቀጥሎ እጁ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ፒየርሽባከርና ሩስላህቲ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሴል ፋይብሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅበትን ቁራጭ አሳጥረው አሳዩ። ዋናው ነገር ሦስት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያዎች ናቸው፦ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ። የእኛ ኢንተግሪንም የሚጣበቀው በእነዚሁ ላይ ነው። ክፍት ሰንሰለት ሆነው ከተተዉ ግን ይወዛወዛሉ፣ ኢንዛይምም ይቆራርጣቸዋል። ስለዚህ ሁለት ተጨምሮ ባለአምስት አሚኖ አሲድ ቀለበት ይሆናሉ። ከተጨመሩት አንዱ ላይሲን ነው፤ እንደ ጀበና እጀታ መያዣ ይሆናል።

አሁን እጆቹ የሚተከሉበት ሰሌዳ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል የነበረው የፓስካል ዱሚ ቡድን የተጠቀመው ከአሥር አሚኖ አሲድ የተሠራ ሌላ ቀለበት ነው። በአንዱ ፊቱ አራት እጅ ይተከላል። በሌላው ጭነቱ ይንጠለጠላል፦ ለምስል የሚያበራ ቀለም ወይም መድኃኒት። እጁንና ሰሌዳውን ለማያያዝ አንደኛው ወገን አልዲሃይድ፣ ሌላው አሚኖኦክሲ የሚባል የኬሚካል ጫፍ ይሰጠዋል። ለዘብ ባለ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ይጋጠማሉ። ተረፈ ምርቱ ውሃ ብቻ ነው፤ እኔ ይህን እርምጃ የምወደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ማጣራት። ሦስት እጅ ብቻ የያዘው ጉድለኛ ሞለኪውሎችን በሚለያይ ኤችፒኤልሲ በሚባል መሣሪያ ይለያል፣ የቀረው በማስ ስፔክትሮሜትር ይመዘናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እያንዳንዱ እጅ በጣም ጠንካራ ቢሆን አይሻልም?» ይላል። አይሻልም! ጠንካራ እጅ አንድ ኢንተግሪን ብቻ ያለውን ጤነኛ ሴልም አይለቅም። ደካማ እጅ ግን ያን ነክቶ ያልፋል፤ አጥብቆ የሚይዘው አራቱም ባንዴ የሚያርፉበት ቦታ ሲያገኝ ነው። የኬሚስቷ የሎራ ኪስሊንግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን መርህ በሌላ መልክ በሴሎች ላይ አሳይቷል። በእነሱ ዘዴ ሞለኪውሉ በሰው ደም ውስጥ አስቀድሞ ያለ ፀረ እንግዳ አካልን ወደ ሴሉ ይስባል። ያ በብዛት የሚሰበሰበው ኢንተግሪኑ በተጨናነቀበት ሴል ላይ ስለሆነ የሚገደለው እሱ ነው። ኢንተግሪኑ የሳሳበት ሴል ይተርፋል።

ፈተናው ኢንተግሪኑ ባላቸውና በሌላቸው ሴሎች ይጀመራል። ጎን ለጎን ሐሰተኛ መንትያ ይሠራል፤ አራት እጅ አለው፣ ግን ግላይሲኑ በሌላ ተቀይሯል። መንትያውም ከተጣበቀ ሥራው ከንቱ ነው፤ የያዘው እጁ አይደለም ማለት ነው።

በመጨረሻ አይጥ። ዕጢው ማብራቱ ብቻ አይበቃም፣ ኩላሊቱም ይታያል። እጅ በበዛ ቁጥር ኩላሊት ውስጥ የሚቀረው ሊጨምር ይችላል፣ ሞለኪውሉም እየገዘፈ ዕጢው ውስጥ ጠልቆ መግባት ያቅተዋል። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፦ ባለአንድ እጁ ቀለበት፣ ሲለንጂታይድ የተባለው መድኃኒት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ትልቅ ሙከራ፣ የአንጎል ካንሰር ታማሚዎችን ዕድሜ አላራዘመም።