የሌሊት ሙቀት የሱፍ አበባ ዘይትን እንዴት እንደሚቀይር ባሕር ዳር ላይ በጓሮ መሞከር

እሾሃሙን ሱፍ አይደለም የምላችሁ፤ ባለ ትልቅ ቢጫ አበባውን ነው። ያንኑ ዘር በሁለት ወቅት ብትዘሩት ሁለት ዓይነት ዘይት ይሰጣችኋል። ዋናው ምክንያት ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ያለው ሙቀት ነው፣ በተለይ የሌሊቱ።

ፍሬው ውስጥ ኦሌይክ የሚባለውን የቅባት አሲድ ወደ ሊኖሌይክ የሚቀይር ኢንዛይም አለ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በደንብ ይሠራል፣ ሊኖሌይክ ይበዛል። ሲሞቅ ይደክማል፣ ኦሌይኩ ሳይቀየር ይቀራል። ሁለቱ ተደምረው ከዘይቱ 90 በመቶ ገደማ ስለሆኑ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ሊኖሌይክ የበዛበት ዘይት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፣ መጥበሻ ላይም ብዙ አይችልም።

መጀመሪያ ተራ ዘር ግዙ። ኦሌይክ እንዲበዛበት ተብሎ የተዳቀለውን ተዉት፣ እሱን ሙቀት እምብዛም አይቀይረውም። ግማሹን መስከረም መጨረሻ፣ ግማሹን የካቲት መጀመሪያ ዝሩ። የመጀመሪያው ፍሬ የሚሞላው በታኅሣሥና በጥር ብርድ ነው፣ ሁለተኛው በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት። ውሃ ለሁለቱም እኩል አጠጡ፣ ጥማትም ፍሬውን ስለሚጎዳ ውጤቱን ያምታታባችኋል።

አበባው ሲፈካ ዝቅተኛውን ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ በሰው ደረት ከፍታ ስቀሉ። ለ30 ቀን ያህል ጠዋት ጠዋት አንብቡና ደብተር ላይ ጻፉ። በሬዲዮ የሰማችሁትን ቁጥር አትጻፉ፤ ጣና ሌሊት ሙቀት ስለሚለቅ ሐይቁ ዳር ያለ ጓሮ ራቅ ካለው ሜዳ ለብ ሊል ይችላል፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት የራሳችሁን ጓሮ ሌሊት ነው።

ቢጫው የአበባ ቅጠል ሲረግፍ የአበባውን ራስ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ ወፎቹ አያተርፉላችሁም። ከዚያ በፊት ግን አትሸፍኑ፣ ንቦቹ ይግቡበት። የአበባው ራስ ጀርባ ከቢጫ ወደ ቡኒ ሲያደላ ቁረጡና አድርቁ።

ሁለቱን ለየብቻ አስጨምቁ። መጭመቂያው ውስጥ የሌላ ሰው ዘይት ስለሚኖር መጀመሪያ የሚወርደውን አትያዙ። ጠቆር ያለ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉ፣ ቀኑን ለጥፉበት፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ ላቦራቶሪ ወስዳችሁ የአዮዲን ቁጥሩን፣ ማለትም 100 ግራም ዘይት ስንት ግራም አዮዲን እንደሚይዝ፣ አሠሩ። ተራ የሱፍ አበባ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ118 እስከ 141 ነው፣ ኦሌይክ የበዛበት ዝርያ ከ78 እስከ 90። ሊኖሌይክ በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ስለሚወጣ፣ የጥር ወር ጠርሙስ ከግንቦት ወሩ በልጦ መገኘት አለበት።