ኒምን ከዘር ማብቀል

የኒም ዛፍ ቅጠል፣ ቅርፊትና የዘር ዘይት በሕንድ ለቆዳ ሕመም፣ ቀጭን ቅርንጫፉ ደግሞ ለጥርስ መፋቂያ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በአገራችንም በድሬዳዋ፣ በጋምቤላና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ይበቅላል። ዘሩን ዘርተው አልበቅል ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ አፈሩን ወይም ውኃውን ይጠረጥራሉ፤ ችግሩ ግን በአብዛኛው የዘሩ ዕድሜ ነው። የኒም ዘር እንደ ባቄላ ደርቆ ለከርሞ የሚቀመጥ አይደለም፤ በቤት ውስጥ ሲቆይ በጥቂት ሳምንታት የመብቀል ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬው ከመለቀሙ በፊት አፈሩና የችግኝ ከረጢቱ ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዛፉ በእርግጥ ኒም መሆኑን ያረጋግጡ። ሜሊያ የሚባለው የቅርብ ዘመዱም በብዙ ቦታ ኒም እየተባለ ይጠራል፤ የእርሱ ፍሬ መርዛማ በመሆኑ ስሕተቱ ቀላል አይደለም። የእውነተኛው ኒም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ፣ እንደ ማጭድ የጎበጡና ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ትንንሽ ቅጠሎች አሉት። የሜሊያ ዘንግ ግን ራሱ ሌሎች ዘንጎችን ያወጣል። የኒም አበባ ነጭ፣ የሜሊያ ፈዛዛ ሐምራዊ ነው፤ የኒም ፍሬ ሞላላ ሲሆን የሜሊያው ድብልብል ነው።

ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሲለሰልስ ከዛፉ ላይ ይልቀሙ፤ መሬት ላይ ወድቆ የሰነበተውን ይተዉት። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ልጣጩንና የሚያጣብቀውን ሥጋ በእጅ ጨምቀው ያውጡ፣ ዘሩን በአሸዋ አሽተው ይጠቡ፣ ከዚያም በጥላ ሥር ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያናፍሱት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ዘሩን ይጎዳል፤ በታሰረ ላስቲክ ማስቀመጥም ያሻግተዋል። ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ካስፈለገ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይያዝ።

ለመትከያው ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለውና ሥሩ በተበሳ የችግኝ ከረጢት ይሙሉ። የኒም ዋና ሥር ገና ከጅምሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ መደብ ላይ ዘርቶ በኋላ ከማዛወር ይልቅ በቀጥታ በከረጢት መዝራቱ ይመረጣል። በእያንዳንዱ ከረጢት ሁለት ዘር አጋድመው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩና ስስ የሣር ጉዝጓዝ ያልብሱት። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ፤ ውኃ የበዛበት ቡቃያ ግንዱ ከአፈሩ ወለል ላይ በስብሶ ይወድቃልና።

ትኩስ ዘር ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። ጉዝጓዙን ያንሡ፣ ከሁለቱ ቡቃያዎች ደካማውን ይንቀሉ፣ ከረጢቶቹ በዳስ ጥላ ሥር ከተቀመጡም ችግኙ ፀሐይን እንዲለምድ ጥላውን ቀስ በቀስ ያሳሱ። ከረጢቱን አልፎ አልፎ ከቦታው አንሥቶ ከሥሩ የወጡትን ሥሮች መቁረጥ ይገባል፤ ይህ ሥራ ከታለፈ ሥሩ መሬት ይይዝና ችግኙ ሲነሣ ይጎዳል።

ሦስት ወር ገደማ ሞልቶት ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ይተከላል። ከረጢቱን በምላጭ ቀድደው ሲያወጡ የያዘው አፈር እንዳይፈርስ ይጠንቀቁ። ኒም ድርቅን ይችላል፤ ውኃ የሚተኛበትን መሬትና ውርጭን ግን አይችልም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር በታች ያለው ቆላ ይስማማዋል፤ በደጋ ተክሎ ከመድከም ለቦታው የሚስማማ ሌላ ዛፍ መምረጥ ይሻላል።

ዛፉ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራል። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት ሕፃናትን ሊመርዝ ስለሚችል በአፍ ፈጽሞ አይሰጣቸው፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ኒምን ከመጠጣት ይቆጠቡ።