ላቦራቶሪዎች ተባብረው የወረርሽኝ ምርመራን እንዴት ማስፋት ይችላሉ?

ወረርሽኝ ሲመጣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ማሽን አለን?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ ናሙና ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ሲመላለስ አይቻለሁ፤ ሥራው የሚታነቀው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጋ አይደለም። አንዱ ቤት (ማለትም ላቦራቶሪ) የላከው ቱቦ ሌላው ቤት ደርሶ የማን እንደሆነ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

1. ማን ምን እንዳለው ቁጠሩ

የፒሲአር ማሽን (የቫይረሱን የዘር ቁስ አባዝቶ የሚለይ) ያለው ሆስፒታል ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው፣ የእርሻ ምርምር ተቋማት አላቸው፣ የቲቢና የኤችአይቪ ፕሮግራሞች አላቸው። የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዎችን ደግሞ አደራ እንዳትረሱ። በመንጋ ላይ በሽታ ሲነሳ ብዙ ናሙና በአንዴ መመርመር የለመዱ ሰዎች ናቸው።

ስትቆጥሩ ማሽን ብቻ አትቁጠሩ። አርኤንኤ (የቫይረሱን የዘር ቁስ) ከናሙና የማውጣት አቅም፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት (ሠራተኛውን ከተሕዋስ የሚጠብቅ የሥራ ሳጥን)፣ ማቀዝቀዣ፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተር፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ በመጋዘን ያለ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል)፣ ሁሉም ይቆጠር። አንድ ቤት ማሽኑ በቀን 1,000 ናሙና ቢችልና አርኤንኤ ማውጣት የሚችለው ግን ለ200 ብቻ ከሆነ አቅሙ 200 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ቦታ መጀመሪያ ያለቀው ማሽን ሳይሆን ስዋብ (ናሙና መውሰጃ ዘንግ) እና የኤክስትራክሽን (አርኤንኤ ማውጫ) ኪት ነበር።

እዚህ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። የአምራቹን ካርትሪጅ (ሪኤጀንቱ ተሞልቶ የታሸገበት መያዣ) ብቻ የሚቀበሉ ዝግ ማሽኖች ለትንሽ ጤና ተቋም በጣም ምቹ ናቸው። ግን ካርትሪጁ ሲጠፋ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል፣ በሌላ መተካት አይቻልም። በሚተባበሩት ላቦራቶሪዎች መረብ ውስጥ የተለያየ አምራች ሪኤጀንት የሚቀበሉ ቤቶች የግድ ይኑሩ።

ፈቃዱን በዚሁ ጊዜ ጨርሱት። የምርምር ላቦራቶሪ አብዛኛውን ጊዜ ለታካሚ ውጤት የመስጠት ፈቃድ የለውም፤ ውጤቱን ማን ፈርሞ እንደሚያወጣ ከጤና ባለሥልጣኑ ጋር በጽሑፍ ይወሰን።

2. ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተን

አንዱ ላቦራቶሪ ቱቦዎች ያዘጋጅ፦ ጠንካራ ፖዚቲቭ፣ ደካማ ፖዚቲቭ፣ ኔጌቲቭ። ምን እንደሆኑ ሳይነገር ለሁሉም ይላክ። መልሱ ያልገጠመለት ቤት ችግሩን እስኪያገኝ የታካሚ ናሙና አይቀበል። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን የተሳሳተ ውጤት ከዘገየ ውጤት ይከፋል።

የምታወዳድሩት ፖዚቲቭና ኔጌቲቩን እንጂ የሲቲ ቁጥሩን (ቫይረሱ እስኪታይ ማሽኑ የፈጀውን የማባዛት ዙር ብዛት) አይሁን። የአንዱ ማሽን 28 ከሌላው ማሽን 28 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ ኪቱም ማሽኑም ይለያያሉና።

ኪቱ ከየትም ይምጣ ሳትፈትሹት አትጀምሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የአሜሪካው ሲዲሲ (የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ለክፍለ ግዛቶች የላከው ኪት በብዙ ላቦራቶሪዎች ኔጌቲቭ መሆን የነበረበትን ኮንትሮል (የማነጻጸሪያ ናሙና) ፖዚቲቭ እያሳየ አስቸገረ፤ ውድ ሳምንታት ባከኑ። እነዚያ ላቦራቶሪዎች በታካሚ ናሙና ሳይጀምሩ ስለፈተሹት ግን ስህተቱ ሰው ጋ ሳይደርስ ተያዘ። በዚያው ወር ደግሞ አፍሪካ ሲዲሲ ከዳካሩ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ከብዙ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችን ሴኔጋል ላይ አሠለጠነ። ሁሉም አንድ ቦታ ሠልጥኖ ሲመለስ ቢያንስ ሥራው የጋራ መነሻ ይኖረዋል።

3. ናሙናው የማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ይታወቅ

ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። አንድ ላቦራቶሪ ብቻውን ሲሠራ የራሱ ቁጥር አሰጣጥ ይበቃዋል። ተባብሮ ሲሠራ ግን አይበቃውም። ሁለት ላቦራቶሪዎች እያንዳንዳቸው ከ001 ጀምረው ቁጥር ሰጥተው ናሙናዎቻቸው አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገናኙ አይቻለሁ። ሁለት ሰው፣ አንድ ቁጥር። ያለው አማራጭ ሰዎቹን እንደገና ጠርቶ ናሙና መውሰድ ነበር። ታመው ውጤት የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው እኮ!

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ሁሉም ካልተስማማበት አይሠራም። ቁጥሩ ናሙናው በተወሰደበት ቦታ አንድ ጊዜ ይሰጥ። በባርኮድ ታትሞ ቱቦውም ቅጹም ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ ማንም በእጁ አይገልብጠው። ተቀባዩ ላቦራቶሪ የራሱን ቁጥር መጨመር ከፈለገ ይጨምር፣ ግን የመጀመሪያውን ሳይሸፍን። ከቁጥሩ ጋር ሌላ መለያ፣ ለምሳሌ የልደት ቀን፣ አብሮ ይሂድ። በስም ብቻ አትተማመኑ። አንድ ስም በአንድ ቤት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ይጻፋል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሁለት ሰው አድርጎ ይመዘግበዋል።

ኤክሴልን በተመለከተ፦ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሁን፣ ግን እሱ ላይ አትኑሩ። ከቁጥር ፊት ያለውን ዜሮ ያጠፋል፣ ረጅም ቁጥርንም ይቀይራል። የእንግሊዝን ታሪክ ብዙዎች ያስታውሱታል። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ከላቦራቶሪዎች የመጣ ውጤት በድሮው የኤክሴል ፎርማት ሲጫን፣ ፋይሉ ከ65,000 ትንሽ ከፍ ካለ ረድፍ በላይ አልይዝም ስላለ 15,841 ፖዚቲቭ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ሆኑ። የእነሱን ንክኪዎች መፈለግም አብሮ ዘገየ። ላቦራቶሪዎቹ ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ነበር፤ የተበላሸው መገናኛው ላይ ነው።

ርክክቡም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ ሳይሄድ ቱቦው ከዝርዝሩ ጋር ይቆጠር። ያልገጠመው እዚያው ይለይ፣ ላኪው ወዲያው ይደወልለት። "ነገ እናየዋለን" የተባለ ቱቦ ጠፋ ማለት ነው።

እና እባካችሁ፣ እውነተኛ ናሙና ከመጀመሩ በፊት በምናባዊ ታካሚዎች አንድ ዙር ሞክሩ። ቱቦ ላይ ባርኮድ ለጥፉ፣ ላኩ፣ ተቀበሉ፣ የውሸት ውጤት አስገቡ፣ ውጤቱ ሐኪሙ ጋ እስኪደርስ ተከተሉት። ሰዓቱንም ያዙ። መለካት ያለበት ማሽኑ የፈጀው ጊዜ ሳይሆን ናሙና ከተሰጠ ጀምሮ ሰውየው ውጤቱን እስከሚሰማ ያለው ነው። ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ፖዚቲቭ ሌላ ሰው እንዳይያዝ አይከላከልም።

4. ማጓጓዝ

ሦስት ድርብ ማሸጊያ፣ የዩኤን 3373 ምልክት (በሽታ አምጪ ሊኖርበት የሚችል ናሙና መሆኑን የሚያሳይ)፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ለኮቪድ ናሙና በዚህ ሙቀት እስከ 72 ሰዓት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ያስፈልጋል። ይህን አብዛኛው ባለሙያ ያውቀዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምንድን ነው የሚለውን ነው። አንዳንድ የናሙና ማጓጓዣ ፈሳሾች ቫይረሱን የሚገድል ጓኒዲን ታዮሳይኔት አለባቸው። ያ ፈሳሽ ፈሶ በረኪና ከተጨመረበት መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ራሱ ሌላ ፈሳሽ የሚጠቀም ላቦራቶሪ ይህን ላያስብ ይችላል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

5. ናሙና ማዋሃድ፣ በስሌት

የብዙ ሰው ናሙና አዋህዶ መመርመር ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሮበርት ዶርፍማን እ.ኤ.አ. በ1943 ለቂጥኝ ምርመራ ያቀረበው ነው። ድብልቁ ኔጌቲቭ ከሆነ ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ፖዚቲቭ ከሆነ እያንዳንዱ ለብቻው ይመረመራል።

አምስት አምስት እያዋሃዳችሁ 100 ሰው ብትመረምሩ፣ ከመቶ አንዱ በበሽታው ከተያዘ በአማካይ 25 ያህል ምርመራ ይበቃል። ከመቶ አሥሩ ከተያዘ 61 ይሆናል። ከመቶ ሠላሳ ሲደርስ ግን 103፤ አንድ በአንድ ብትሠሩ ይሻል ነበር። ስለዚህ ወረርሽኙ ሲያይል ማዋሃድ ይቁም፣ ሲቀንስ ይመለስ። የፖዚቲቩን መጠን በየሳምንቱ ለየአካባቢው አስሉ። አምስት ናሙና ማዋሃድ ደግሞ ሲቲውን በ2.3 ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ደካማ ፖዚቲቭ ሊያመልጥ ይችላል። ምልክት የታየበትን ሰው ናሙና አታዋህዱ።

6. በየቀኑ ተደዋወሉ

አጭር ስልክ ይበቃል። ማን ናሙና ተከማቸበት፣ ማን ሪኤጀንት አለቀበት፣ ማን ሰው ታመመበት። የተበደራችሁትን ኪት ከነባች (የምርት ዙር) ቁጥሩ መዝግቡ፤ አንድ ባች ሲበላሽ የትኞቹ ቤቶች ጋ እንደሄደ የምታውቁት በዚያ ነው። ወረርሽኙ ሲረግብም የጋራ ፈተናውን ቢያንስ በየሦስት ወሩ ቀጥሉ፣ የደዋዮቹንም ስም ዝርዝር ሰው በተቀየረ ቁጥር አድሱ።