በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የስክሪን ሪዞሉሽን ማስተካከል

በጅማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ የምትተይብ አንዲት እህት፣ ስክሪኗ ላይ «ቡ»ን ከ«ቢ» መለየት እየከበዳት መምጣቱን ስለነገረችኝ ኮምፒውተሩን አየሁላት። የሚሠራው ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ ነው። 17 ኢንች የሆነው አሮጌ ሞኒተር 1280 በ1024 ነጥቦች ያሉት ሆኖ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ የሚልክለት ምስል ግን 1024 በ768 ነበር። ችግሩ የዓይኗ አልነበረም።

ጀማሪ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ የጠፍጣፋ ስክሪን ነጥቦች ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የተወሰነ መሆኑን ነው፤ ሪዞሉሽን፣ ማለትም የምስሉን ነጥቦች ብዛት ወደ ጎንና ወደ ታች፣ ስንቀይር የሚቀየረው ኮምፒውተሩ የሚልከው ምስል እንጂ የስክሪኑ ነጥቦች አይደሉም። በዚያ ሞኒተር ላይ ወደ ጎን 4 የምስል ነጥቦች በ5 የስክሪን ነጥቦች ላይ፣ ወደ ታች ደግሞ 3ቱ በ4 ላይ መለጠጥ ነበረባቸው። አንድ ነጥብ ተከፍሎ ለሁለት ስለማይታደል ሞኒተሩ የጎረቤት ነጥቦችን ቀለም አደባልቆ ይሞላል፤ ፊደሉም ይደበዝዛል። በእኛ ፊደል ደግሞ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ከቀኝ እግራቸው ወገብ ወይም ግርጌ ላይ በምትወጣ አንዲት አጭር መስመር ብቻ ስለሆነ፣ እሷ ከደበዘዘች ንባቡ ይፋለሳል። ስለዚህ ሞኒተሩ የተሠራበትን ሪዞሉሽን እንዲጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ።

በኡቡንቱ ይህን ለማድረግ በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን የቀኝ አዝራር ተጭነው «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» የሚለውን ይምረጡ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ «ሪዞሉሽን» ከሚለው ጎን ያለውን ዝርዝር ሲከፍቱ ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው የስክሪኑ የራሱ ነው፤ በብዙ ላፕቶፖች 1366 በ768 ወይም 1920 በ1080 ሆኖ ያገኙታል። እሱን መርጠው «አፕላይ»ን ሲጫኑ ለውጡን ማጽናት ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃሉ፤ «ኪፕ ቼንጅስ» ካላሉ በ20 ሰከንድ ውስጥ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ስክሪኑ ቢጨልም እንኳ ሳይደናገጡ፣ ኪቦርዱንም ሆነ የማብሪያ ቁልፉን ሳይነኩ እነዚያን ሰከንዶች ይጠብቁ። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት በሆነው በሊኑክስ ሚንትም መንገዱ ተቀራራቢ ነው።

ብዙ ሰዎች ሪዞሉሽኑን ሆን ብለው ዝቅ የሚያደርጉት ፊደሉ ስላነሰባቸው ነው። ፊደሉ ያድግላቸዋል፤ ጥራቱ ግን ይጠፋል። ከዚህ ይልቅ ሪዞሉሽኑን ሳይነኩ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» ከሚለው ክፍል «ላርጅ ቴክስት»ን ያብሩ። ላፕቶፑ ብዙ ነጥብ ያለው ከሆነ ደግሞ እዚያው ሪዞሉሽኑን ባስተካከሉበት መስኮት «ፍራክሽናል ስኬሊንግ»ን አብርተው «ስኬል»ን (በስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ የሚታይበትን መጠን) ወደ 125 በመቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የሚፈለገው ቁጥር ከዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ የማይገኝበት ጊዜም አለ። የዚያች እህት ችግርም ይኸው ነበር። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሰው ወዲያው ቴርሚናል ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ ይጀምራል፤ እኔ ግን ገመዱ ይቅደም እላለሁ። ሞኒተሩ በቪጂኤ ገመድ (ጫፉ ላይ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ መርፌዎች ባሉት የምስል ገመድ) የተገናኘ ከሆነ፣ ስለራሱ ያለውን መረጃ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብለው ከ15ቱ መርፌዎች በ12ኛውና በ15ኛው በኩል ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተሰበረ ወይም ከታጠፈ ምስሉ እንደወትሮው ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሞኒተሩን ማንነት ስለማያውቅ አነስተኛ ቁጥሮችን ብቻ ያቀርባል። ሁለቱም የሚገኙት በጠባቡ ወገን ባለው ረድፍ ላይ ነው። በመካከለኛው ረድፍ ያለው 9ኛው መርፌ በብዙ ገመዶች ላይ ከመጀመሪያውም ስለሌለ፣ ክፍተቱን አይተው ገመዱ ተበላሽቷል እንዳይሉ። ገመዱ ደኅና ከሆነ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ ገብተው «አዲሽናል ድራይቨርስ» በሚለው ሥር ምስሉን ለሚያዘጋጀው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ለግራፊክስ ካርዱ፣ የቀረበ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) መኖሩን ይመልከቱ።

በጽሕፈት ቤቱ ገመዱን ፈትተን በስልክ መብራት ስናየው 12ኛው መርፌ ታጥፎ ጎኑ ላይ ተኝቷል። ኮምፒውተሩን አጥፍተን በሌላ ገመድ ካገናኘነው በኋላ ስናበራው 1280 በ1024 ከዝርዝሩ አናት ላይ ነበር፤ እሷም ጀምራው የነበረውን ማመልከቻ ከፍታ ከመጀመሪያው መስመር ማረም ጀመረች።